ቅጠሉና ዘይቱ አንድ አይደሉም
ባሕር ዛፍ በአገር ቤትና በእስራኤል



የብርዱና የዝናቡ ወራት በመጣ ቁጥር አዲስ ገቢ ቤተሰቦች ደጋግመው ከሚጠይቁን ነገሮች አንዱ የጉንፋን ጉዳይ ነው። «ልጁ አፍንጫው ተደፈነ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለንም። በአገራችን ቢሆን ባሕር ዛፍ ቀቅለን እናጥነው ነበር፤ እዚህ ምን እናድርግ?» ይሉናል። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ባሕር ዛፍ እዚህም አለ፤ በዕብራይስጥ ኤካሊፕቱስ ይባላል። በመንገድ ዳርና በመናፈሻ ቦታ ታዩታላችሁ። በቤት ሜርቃሓትም፣ ማለት በመድኃኒት ቤት፣ ዘይቱ በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። ነገር ግን ቅጠሉና ዘይቱ አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት አለማወቅ በአንድ ቤተሰብ ላይ ምን እንዳደረሰ ስላየን ዛሬ ስለዚህ ዛፍ ልንጽፍላችሁ ወደድን።

በመቀነት ውስጥ የተደበቀው ጠርሙስ

ነገሩ የሆነው ባለፈው የብርድ ወራት ነው። ቤተሰቡ ስማቸው እንዳይጠራ ለምነውናል፤ ታሪኩ ግን ለሌላው ትምህርት ይሁን ብለው ፈቅደውልናል።

እናትየው ከሰዓት በኋላ በጽዳት ሥራ ላይ ትውላለች። ሦስቱን ልጆች የሚጠብቁት ከጎንደር አብረው የመጡት አያታቸው ናቸው። ትንሹ ልጅ፣ የሦስት ዓመቱ፣ ጉንፋን ያዘው። አያትየው እንደ ልማዳቸው ወጥተው ከመናፈሻው ዛፍ ሥር የወደቀ ቅጠል ለቅመው ቀቀሉ። ሽታው ግን አላረካቸውም። «ይህ ቅጠል ደካማ ነው፤ የአገራችን ሲቀቀል ገና ከደጅ ያስነጥሳል» አሉ። አንዲት ጎረቤት ሰምታ በመድኃኒት ቤት ጠንካራው እንደሚገኝ ነገረቻቸው። የአሥራ ሁለት ዓመቱ የልጅ ልጅ ተልኮ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ገዝቶ መጣ። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዕብራይስጥ ነው፤ ልጁም አላነበበው፣ አያትየውም አላነበቡት።

በአገራችን ዳማከሴ ተጨምቆ በቡና ይጠጣል። ጤና አዳምም በቡና ይገባል። አያትየውም በዚያው ልማድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ዘይት ከማር ጋር ለውሰው ለሕፃኑ አጠጡት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልጁ አስመለሰ፤ ቀጥሎ ሲራመድ ተንገዳገደ፤ ከዚያም ከባድ እንቅልፍ ወሰደው። «ላብ ወጥቶለት ተኛ፤ ሊሻለው ነው» ብለው ጋቢ አለበሱት።

እናትየው ከሥራ ስትመለስ ልጁን ብትቀሰቅሰው አልነቃ አላት። ተሸክማው ወደ ክሊኒክ ሮጠች፤ አያትየውና ትልቁ ልጅም ተከተሉ። ሐኪሙ ምን እንደወሰደ ጠየቀ፤ ትልቁ ልጅ ተረጎመ። አያትየው ግን ጠርሙሱን በመቀነታቸው ውስጥ ሸሽገው ነበር። ለልጁም «ምንም አልወሰደም በል» አሉት። ምክንያቱም በዚህ አገር አያት ስህተት ከሠራች ልጅ ይነጠቃል ሲባል ሰምተዋል።

እናትየው ስልክ ደውላልን ስንደርስ አያትየው ከግድግዳው ተጠግተው ቆመው አገኘናቸው። «እማማ፣ ምን ሰጡት?» አልናቸው። «ልጄ፣ ብናገር ልጁን ይወስዱብኛል» አሉን። «እማማ፣ ልጁን የሚያድነው እርስዎ መናገርዎ ነው። የያዙት ነገር ካለ አሁን ያሳዩ» አልናቸው። ቆም ብለው አዩንና መቀነታቸውን ፈቱት። ሐኪሙ ጠርሙሱን እንዳየ ወዲያው ስልክ አነሳ፤ አምቡላንስም ተጠራ። ልጁ ሌሊቱን በሆስፒታል ትንፋሹና ንቃቱ ሲጠበቅ አድሮ በማግስቱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእግሩ ሄዶ ቤቱ ገባ።

ጥፋቱ የአያትየው ብቻ አይደለም። እኛም ስለ መድኃኒት አያያዝ ቤተሰቦችን ስናስተምር የምንናገረው ስለ ክኒንና ስለ ሽሮፕ ብቻ ነበር። ሰው ከአገሩ ይዞት ስለመጣው መድኃኒት ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ቅጠሉ ለምን ደከመባቸው?

አያትየው ቅጠሉ ደካማ ነው ማለታቸው ከንቱ ነገር አልነበረም። ባሕር ዛፍ አንድ ዓይነት ዛፍ አይደለም፤ ከ700 በላይ ዓይነት አለው። የትውልድ አገሩም በአብዛኛው አውስትራሊያ ነው። በአገራችን ደጋ በብዛት የሚታየው ነጭ ባሕር ዛፍ የሚባለው ነው። እሱ ቀዝቃዛ ደጋ ይወዳል፤ ቅጠሉም ኃይለኛ ሽታ ያለው ዘይት በብዛት ይይዛል። በእስራኤል በብዛት የተተከለው ግን ቀይ ባሕር ዛፍ ነው። እሱ ሙቀትን፣ ድርቅንና ረግረግን ይችላል፤ የቅጠሉ ሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከነጩ የሳሳ ነው። ስለዚህ የአያትየው አፍንጫ አልተሳሳተም።

ወደ ኢትዮጵያም ቢሆን ባሕር ዛፍ በእንግድነት የመጣ ነው። ስሙም ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ለማለት ነው። የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1890ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት እንኳ ሳይሆን በዙሪያዋ ያለው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ። በዱሮ ዘመን እንጨት ሲያልቅ ነገሥታቱ ከተማቸውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩ ነበር። ምኒልክም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ መናገሻ ማሠራት ጀምረው ነበር። በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ግን ማገዶውን ሰጠና ከተማዋ በቦታዋ ቀረች። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ በኋላ ዛፉ ወደየአውራጃው ተዛመተ። ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ከመካከላችን ያላየ ጥቂት ነው፤ በአዲስ አበባ ሆኖ ወደ እስራኤል የሚመጣበትን ቀን ሲጠባበቅ የነበረ ሁሉ ያስታውሳቸዋል።

ወደዚህ አገርስ እንዴት መጣ?

ወደዚህ አገርም የመጣው በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። በ1870 የተመሠረተው የሚቅዌ እስራኤል የእርሻ ትምህርት ቤት ዛፉን ቀደም ብለው ከተከሉት ቦታዎች አንዱ ነው። ይበልጥ የታወቀው ግን የሐዴራ ታሪክ ነው። ሐዴራን በ1891 የመሠረቱት ከሩሲያ ግዛት የመጡ ዖሊም ነበሩ። መሬቱ ረግረግ ስለነበረ በወባ ብዙ ቤተሰብ አለቀባቸው። በባሮን ሮትሺልድ ገንዘብ ከግብፅ ሠራተኞች መጥተው ቦይ ቆፈሩ፤ ረግረጉን እንዲመጥም ባሕር ዛፍ ተተከለ። በዚያ ወራት ወባ ከመጥፎ አየር ይመጣል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ የቅጠሉ ሽታ አየሩን ያጸዳዋል ብለውም ተስፋ አድርገው ነበር።

ዛፉ ከዖሊሙ ሰፈር ጋር አብሮ ስለሚታይ የአካባቢው ዐረቦች «የአይሁድ ዛፍ» ብለው ጠሩት። ወባን የምታስተላልፈው የወባ ትንኝ መሆኗ የተረጋገጠው በ1890ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1920ዎቹም ዶክተር እስራኤል ክሊግለር ትንኟ የምትራባበትን ውሃ እየፈለጉ በማጥፋትና ሕዝቡን በማስተማር ወባን ከአገሩ ለማስወጣት ትልቅ ሥራ ሠሩ። ስለዚህ ወባን ያሸነፈው ሽታው አልነበረም፤ ቦዩ፣ ትምህርቱና የሰው ልፋት ነበር። ዛፉም በመጠኑ አግዟል።

የእኛም ሰፈር ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ክርያት ቢያሊክ የተመሠረተችው በ1934 ከጀርመን በመጡ ዖሊም ነው። ስሟንም ያገኘችው በዚያው ዓመት ከሞተው ከገጣሚው ሐይም ናሕማን ቢያሊክ ነው። የዜቡሉን ሸለቆ በዚያ ዘመን ረግረግ ይበዛበት ነበር። የዚያ ረግረግ ቅሪት ዛሬም በከተማችን አጠገብ በዔን አፌቅ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ይታያል፤ በሰንበት ማግስት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ውሃውንና ወፎቹን ታሳዩአቸዋላችሁ። እነዚያም ዖሊም ቋንቋ አያውቁም ነበር፣ የአገሩን አየር አያውቁም ነበር። ዛፉም ቢሆን በሁለቱም አገር ዖሌ ሐዳሽ ነው እንላለን።

ዘይቱ እንዴት ይወጣል?

ልዩነቱን ለመረዳት አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አይቸገርም። ቅጠሉ በትልቅ በርሜል ይታጨቅና እንፋሎት ይለቀቅበታል። እንፋሎቱ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ዘይት ይዞ በቱቦ ይወጣል። ቱቦው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ይመለሳል፤ ዘይቱም ከላይ ይንሳፈፋል። እሱ ተቀድቶ በጠርሙስ ይታሸጋል። በአገራችንም በወንዶ ገነት ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል መዓዛ ባላቸው ተክሎች ላይ ምርምር ያካሂዳል።

ከ100 ኪሎ ትኩስ ቅጠል የሚገኘው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በአውራ ጣት የምታክል የ10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ከ300 ግራም እስከ 1 ኪሎ የሚጠጋ ቅጠል ኃይል ተጠራቅሟል። አንድ ሰው በአገር ቤት ሲታጠን በትንፋሹ የሚስበው ከዚህ እጅግ ጥቂቱን ነው። ያን ሁሉ ቅጠል አንድ ሕፃን ብላ አይባልም። የዘይቱ ዋና ንጥረ ነገር ሲኒዮል ይባላል፤ ለሕክምና በሚውለው ዘይት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 70 እጅ በላይ የሚሆነው እሱ ነው። በመጠን ሲሆን አፍንጫን ይከፍታል፤ ሲጠጣ ግን አንጎልን ያደነዝዛል፣ ትንፋሽንም ያዳክማል።

ለምን ይጠቅማል?

ዘይቱን አትንኩ ማለታችን አይደለም። በጥንቃቄ ሲያዝ ጥቅም አለው። በደረት በሚቀቡ ቅባቶችና በሚመጠጡ የጉሮሮ ከረሜላዎች ውስጥ በጥቂቱ ይገባል። ቪክስ የሚባለውን ቅባት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በውስጡ ካምፎር፣ ሜንቶልና የባሕር ዛፍ ዘይት አለበት። ወለል በሚጠረግበት ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ ቢደረግ ለቤት መልካም ሽታ ይሰጣል። የሎሚ ሽታ ካለው የባሕር ዛፍ ዓይነት የሚዘጋጅ የትንኝ መከላከያም አለ።

አበባውንም አንርሳ። እንደ ክር የቀጠነ ነጭ አበባ ነው፤ ንብ በጣም ትወደዋለች። በዚህ አገር የብርቱካን እርሻ እየቀነሰ በመሄዱ ለንብ የሚሆን አበባ ስላነሰ፣ ቄሬን ካዬሜት ማር የሚሰጡ የባሕር ዛፍ ዓይነቶችን ይተክላል። ለሮሽ ሀሻና በፖም የምትነክሩት ማር ከዚሁ ዛፍ የተቀሰመ ሊሆን ይችላል።

ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ ዘይቱን ማንም ሰው፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ አይጠጣም። በማርም፣ በቡናም፣ በሻይም አይሰጥም። ለሕፃን አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ዘይቱንም ሆነ ይህን የመሰለ ቅባት አትቀቡት። በማንኛውም ሕፃን አፍንጫ ሥርና ፊት ላይ አታድርጉ፤ ትንፋሹን ሊያፍነው ይችላል። አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ልጅን በፈላ ውሃ ላይ አጎንብሶ እንዲታጠን አታድርጉት። ድስቱ ተገልብጦ የተቃጠለ ልጅ ጠባሳው ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። ለልጅ አፍንጫ የሚሻለው ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ የጨው ውሃ ጠብታና በቂ መጠጥ ነው። ትልቅ ሰው ቢታጠን እንኳ ድስቱ በጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ ሕፃናት ከአጠገቡ ይራቁ።

አራተኛ፣ በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ቅጠል ወይም ከሰል አታጭሱ። በአገራችን ጎጆ ጭሱ በጣሪያው ሣር ያልፍ ነበር፤ እዚህ ግን መስኮትና ግድግዳው ድፍን ስለሆነ ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር ተጠራቅሞ ቤተሰቡን በእንቅልፍ ላይ እንዳለ ሊገድል ይችላል።

አምስተኛ፣ ከመንገድ ዳር ዛፍ ቅርንጫፍ አትቁረጡ። በዚህ አገር ሕግ ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ደግሞም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሳይታሰብ ሊገነጠል ስለሚችል በነፋስ ቀን ከሥሩ አትቀመጡ።

ስድስተኛ፣ ጠርሙሱን ልጅ በማይደርስበት ከፍ ባለና በተቆለፈ ቦታ አስቀምጡት። በጠርሙሱ ላይ «ሌሺሙሽ ሒጾኒ ቢልቫድ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ «ለውጭ አካል ብቻ» ማለት ነው፤ አይጠጣም። በዚሁ ጋዜጣ የዕብራይስጡ ገጽ ላይ ቃሉ በዕብራይስጥ ፊደል ይገኛል፤ ቆርጣችሁ በመድኃኒት ሣጥናችሁ ላይ ለጥፉት።

አደጋ ቢደርስስ?

ልጅ ዘይቱን ከጠጣ ደህና ቢመስልም አትጠብቁ፤ ምልክቱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። እንዲያስመልሰው ጣት አትክተቱበት፤ ዘይቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ልጁ ካንቀላፋ፣ ከተንገዳገደ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሹ ከከበደ ወዲያው በ101 ወደ ማጌን ዳዊድ አዶም ደውሉ። ልጁ ነቅቶ ከሆነ ደግሞ በዚሁ በሃይፋ በራምባም ሆስፒታል ወዳለው የአገሪቱ የመርዝ መረጃ ማዕከል ደውሉ፤ ቁጥሩ 04-7771900 ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይመልሳል። «ሀዬሌድ ሻታ ሼሜን ኤካሊፕቱስ» በሉ፤ ልጁ የባሕር ዛፍ ዘይት ጠጣ ማለት ነው። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ። ለዚህ ዘይት ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪሞች የሚያደርጉት ትንፋሹን መጠበቅ ስለሆነ ቶሎ መድረስ ትልቅ ነገር ነው።

በፈላ ውሃ ለተቃጠለ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት። ቅቤ፣ ማር ወይም ቡና አትቀቡት።

አትደብቁ

በመጨረሻ የምንለምናችሁ ይህን ነው። ለሐኪም የሰጣችሁትን ሁሉ ንገሩ፤ ዳማከሴም ይሁን ጤና አዳም፣ ጸበልም ይሁን ዘይት። ስህተት የሠራ አያት ወይም እናት እርዳታ ስለጠየቀች ልጇን አትነጠቅም። የእኛ ሥራ ቤተሰብ ማገዝ ነው። በሽተኛ ሲኖር ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ልጅ አያቱ የማይናገሩትን አይናገርም፣ ሸክሙም ይከብደዋል። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት ለበሽተኛው የቋንቋ እርዳታ እንዲያመቻቹ አዟል። «አማርኛ የሚችል ሰው እፈልጋለሁ» ማለት መብታችሁ ነው።

አያትየው ከዚያ በኋላ በማትናስ ባደረግነው የእናቶች ስብሰባ ላይ በፈቃዳቸው መጡ። በአንድ እጃቸው የወደቀ ቅጠል፣ በሌላው እጃቸው ባዶውን ጠርሙስ ይዘው ለእናቶች አሳዩ። «ይህን አውቀዋለሁ፤ ይህን ግን አላውቀውም ነበር። የማታውቁትን ጠይቁ፤ እኔ በመጠየቅ ፈንታ ደብቄ ልጄን ላጣው ነበር» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቶች የገዙትን መድኃኒት ይዘው እየመጡ ምን እንደሚል እንድናነብላቸው ይጠይቁናል። እናንተም ይዛችሁ ኑ፤ በራችን ክፍት ነው።